የጾመኛ ማዕድ በኢስታንቡል

ጾም ይዞ ወደ ባዕድ አገር የሚሻገር ሰው፣ ጕዳዩ የሁለትና የሦስት ቀን ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር፣ የዚያ አገር ሕዝብ በራሱ ጓዳ ውስጥ ጥሉላቱን ከአትክልቱ የሚለይበት ወሰን ወዴት እንደሚያልፍ ነው፤ ወሰኑን ያወቀ ቋንቋውን ባያውቅም ጠግቦ ያድራል፣ ያላወቀው ግን በአትክልት ተከቦ ይራባል፣ ወይም ሳያስበው ጾሙን ይገድፋል። በኢስታንቡል ይህ ወሰን የሚያልፈው በወይራ ዘይትና በቅቤ መካከል ነው። ከመርካቶ ተነሥተው በላሌሊና በመርተር ሰፈሮች ልብስ ለመግዛት የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን፣ ለሕክምና የሚሄዱም፣ ወደ አውሮፓ ሲያልፉ አንድ ሁለት ሌሊት የሚያድሩም ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ የዚህን ከተማ ማዕድ ለጾመኛ በሚሆን መልክ በየተራው ማስረዳት የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

መሰናዶው ከቤት ይጀመራል። መጀመሪያ የመሄጃውንና የመመለሻውን ቀን ከባሕረ ሐሳቡ ጋራ ማስተያየት ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብ ብቻ የሚገጥመው መንገደኛና፣ ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀኖች፣ ወይም ከኅዳር 15 የሚጀምረውን ጾመ ነቢያት፣ ወይም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን ፍልሰታ ይዞ የሚሄደው መንገደኛ፣ አሳባቸውም ስንቃቸውም አንድ ሊሆን አይችልም። ቀጥሎ የአውሮፕላኑን ምግብ ማዘዝ ነው። ይህ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ የሚደረግ ሲሆን፣ ትእዛዙ «ቪጋን» ተብሎ በአየር መንገዶች ዘንድ «ቪ ጂ ኤም ኤል» በሚባሉት አራት ፊደላት የሚመዘገበው መሆን አለበት፤ «ሥጋ አልበላም» ብሎ ብቻ ያዘዘ ሰው ሥጋ የሌለበት ነገር ግን እርጎና አይብ የሞላበት ሳሕን ቢቀርብለት በአስተናጋጇ ሊፈርድባት አይችልም። የሆቴል ክፍል ሲከራይም ቁርሱ በዋጋ የሚለይ እንደ ሆነ ቁርስ የሌለበትን ይምረጥ፤ የቱርክ ቁርስ በሰፊው የሚዘረጋ ማዕድ ቢሆንም፣ እስከ ቀትር ወይም እስከ ተስዐት ሰዓት ለሚጾም ሰው ያልበላውን መክፈል ነው። ሰዓቱን ግን ማስተካከል አያስፈልገውም፤ ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ክረምትና በጋ ሳትለይ ከአዲስ አበባ ጋራ እኩል ትቈጥራለች።

ስለ ዓሣ ጕዳይ በእኛ ዘንድ የቆየ ክርክር ያለበት ስለ ሆነ፣ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ከነፍስ አባቱ ጋራ ይጨርሰው። በገላታ ድልድይ አጠገብ የሚጠበሰው ዓሣ ሽታ አፍንጫን ከያዘ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ከአድልዎ የጸዳ አይሆንም።

ከደረሰ በኋላ የሚፈጽመው የመጀመሪያ ሥራ አንዲት ወረቀት ማስጻፍ ነው። የሆቴሉ ጸሓፊ በቱርክኛ፣ በጕልሕ ፊደል፣ ይህን ይጻፍለት፦ ሥጋ፣ ዶሮ፣ የሥጋ መረቅ፣ ወተት፣ አይብ፣ እርጎ፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም፤ የወይራ ዘይት እበላለሁ። ዶሮው ተለይቶ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ አገር ብዙ ሰው «ኤት» (ሥጋ) ሲባል የበግና የከብት ሥጋ ብቻ ስለሚታሰበው፣ ሥጋ የለበትም ብሎ በቅን ልቡና የዶሮ መረቅ ያቀርባል። የመጨረሻዋም ሐረግ፣ ማለት ዘይቱን እበላለሁ የምትለው፣ ከክልከላዎቹ ሁሉ ይልቅ ትጠቅማለች፤ አብሳዩን ምን እንዳይሰጥ ብቻ ሳይሆን ምን እንዲሰጥ ትነግረዋለችና፣ ፊቱም ወዲያው ሲፈታ ይታያል። በወረቀቱ ላይ «እጾማለሁ» ብሎ ማስጻፍ ግን አይመከርም፤ አስተናጋጁ የእስልምናን ጾም አስቦ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ምግብ ቤት የገባውን ጾመኛ በመገረም ይመለከተዋል። ሁሉን ማስረዳት የፈለገ «ቬጋን» ቢል በከተማው ውስጥ በሰፊው ይገባል።

ከዚህ በኋላ ቦታ መምረጥ ይመጣል። ሥዕል ባለበት ዝርዝር ምግብ የሚያሳዩትንና በር ላይ ቆመው መንገደኛ የሚጠሩትን ቤቶች ማለፍ ነው። የሚሻለው «ኤስናፍ ሎካንታ» የሚባለው፣ የሱቅ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ምሳውን የሚበላበት ቤት ነው፤ በዚያ የዕለቱ ወጥ ሁሉ ከመስተዋት በስተጀርባ በሳሕንና በድስት ተደርድሮ ስለሚታይ፣ እንግዳው በዓይኑ አይቶ፣ በጣቱ አመልክቶ፣ ወረቀቱን አሳይቶ ይመርጣል። እነዚህ ቤቶች የምሳ ቤቶች ናቸው፤ ምግባቸው በስድስት ሰዓት ሙሉ ነው፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ እየጐደለ ይሄዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስለዚህ በቀትር ገብቶ «ፓኬት» ብሎ አስጠቅልሎ ይውሰድ፤ ጾመኛው የሚፈልገው ወጥ ቀዝቅዞ የሚበላ ስለ ሆነ ሦስት ሰዓት ቢቈይ ምንም አይጐድልበትም።

የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። በቱርክ ማዕድ ቤት አንድ አትክልት በሁለት መንገድ ይሠራል፦ ወይ በቅቤና በሥጋ ተሠርቶ በትኵሱ ይቀርባል፣ ወይ በወይራ ዘይት ተሠርቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቀርባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅቤና ጮማ ሲቀዘቅዙ ይረጋሉ፣ የወይራ ዘይት ግን በቤት ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ይቈያል። «ዘይቲንያሊ» ተብሎ በአንድነት የሚጠራው ይህ ሁለተኛው ወገን በልማድ ጥሉላት የማይገባበት ነውና፣ ጾመኛው ከመስተዋቱ ፊት ሲቆም ዓይኑን እንፋሎት ከሚወጣባቸው ድስቶች መልሶ ቀዝቅዘው ወደ ተቀመጡት ሳሕኖች ያቅና። በዚያ በቲማቲምና በሽንኩርት የበሰለ ፎሶሊያ፣ ከጥቂት ሩዝ ጋራ የተሠራ ባሮ ሽንኩርት፣ «ፒላኪ» የሚባለው ዥንጕርጕር ባቄላ፣ በጸደይ ጊዜ ልቡ ብቻ የቀረ አርቲቾክ፣ «ኢማም ባይልዲ» የሚባለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በሆዱ የተሞላ ደበርጃን ያገኛል። የወይን ቅጠል በሩዝ ተሞልቶ ተጠቅልሎ የሚቀርበው «ሳርማ»ም በቀዝቃዛው ወገን ሲሆን ሩዙ በዘቢብና በቅመም የጣፈጠ ነው።

እንግዲህ ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ መንትያ ያላቸው በመሆናቸው ነው። ያው ሳርማ በትኵሱ ከመጣ በሆዱ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ አለ፣ በላዩም እርጎ ሊፈስበት ይችላል፤ ያው ደበርጃን ትኵስ ሆኖ ከታየ «ካርንያርክ» ነው፣ እርሱም ሥጋ የተሞላ ነው። የተጠበሱ አትክልቶችንም አስተናጋጁ እንግዳ ያከበረ መስሎት በእርጎ ሊሸፍናቸው ይወዳልና፣ ሳሕኑ ከመነሣቱ በፊት «ዮጉርት ዮክ» (እርጎ የለም) ማለት ይገባል፤ «ዮክ» የምትለዋ ቃል ለጾመኛ ከቱርክኛ ሁሉ የምትበልጥ ናት።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቱት ግን ጾም የሚመስሉት ናቸው። በ1557 እ.ኤ.አ. በተፈጸመው በሱለይማንዬ መስጊድ ፊት ለፊት የባቄላ ምግብ ቤቶች ተሰልፈው ይገኛሉ፤ «ኩሩ ፋሱልዬ» የሚባለው ነጭ ባቄላቸው በከተማው ሁሉ የተመሰገነ ነው፣ ከላሌሊም በእግር የሚደረስበት ነው፤ ሐበሻ ጾመኛም ባቄላ ብሎ አምኖ ይቀመጣል፣ ዳሩ ግን ወጡ ብዙ ጊዜ በቅቤ፣ አንዳንዴም በሥጋ የተሠራ ነው። ምስሩም እንዲሁ ነው። «መርጂመክ ቾርባ» የሚባለው የምስር ሾርባ በየትም አለ፣ ግን መሠረቱ የአጥንት መረቅ ሊሆን ይችላል፣ በላዩ የምትፈሰውም ቀይ ነገር በርበሬ የገባባት ቅቤ ናት፤ «ኤት ሱዩ» (የሥጋ መረቅ) ወይም «ቴሬያ» (ቅቤ) አለበት ወይ ብሎ ሳይጠይቁ ማንኪያ ማንሣት አይገባም። ለብቻው በትኵሱ የሚቀርበው ሩዝም በቅቤና በዶሮ መረቅ መብሰሉ የተለመደ ነውና፣ በእኔ አስተያየት ጾመኛ ሩዙን ፈጽሞ ይተወውና በዳቦ ይብላ፤ ተራው ዳቦ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ነው።

በመንገድ ላይ የሚሸጠው ለቸኰለ ነጋዴ ይበቃል። «ሲሚት» የሚባለው ሰሊጥ የለበሰ ቀለበት ዳቦ በወይን ድልህ ውሃ ተነክሮ የሚጋገር ስለ ሆነ በልማድ የጾም ነው፤ በዚያው ጋሪ ላይ ከጎኑ የተቀመጡት ለስላሶቹ «አችማ» እና «ፖአቻ» ግን ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አለባቸው። «ቺ ኮፍቴ»ም በየመንደሩ ሱቅ አለው፤ ጥንት ከጥሬ ሥጋ የሚታሽ ምግብ ሲሆን፣ በሱቅ የሚሸጠው ሥጋ እንዳይገባበት በሕግ ስለ ተከለከለ ከተከካ ስንዴ፣ ከቲማቲም ድልህና ከሚያቃጥል በርበሬ ታሽቶ፣ ሮማን ጭማቂ ተንጠባጥቦበት በሰላጣ ቅጠል ወይም በቂጣ ይጠቀለላል። በርበሬ የለመደ ምላስ ከዚህ የሚሻል አያገኝም። በአክሳራይ ደግሞ ሶርያውያን የከፈቷቸው ቤቶች ፉል፣ ፈላፈልና የሽምብራ ልውስ ያቀርባሉ፤ ልውሱ በሰሊጥ ነው፣ ፉሉ ላይ ግን ቅቤ ወይም እርጎ እንዳይጨመር ወረቀቷን ማውጣት ነው።

ቀን የተረፈው ሰው የጾመኞችን ማዕድ ከጾመኞች ዘንድ ይፈልግ። ከላሌሊ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ በኩምካፒ የአርመን ፓትርያርክ መንበር ይገኛል፤ አርመኖች ከእኛ ጋራ በሃይማኖት እኅትማማች ናቸው፣ ለዐቢይ ጾማቸውም «ቶፒክ» የሚባል መብል አላቸው፦ ሽምብራና ድንች ተቀቅሎ ተደቍሶ፣ በውስጡ ሽንኩርት፣ ዘቢብ፣ ሰሊጥና ቀረፋ ተሞልቶ የሚድበለበል ነው። ይህን በኩርቱሉሽና በቤዮግሉ ባሉ የማባያ ሱቆች ጠይቆ ማግኘት ይቻላል፤ በዚያው ደረቅ ባቄላ ተቀቅሎ ከዘይትና ከእንስላል ጋራ የሚረጋውን «ፋቫ»ም አይለፍ። በመርከብ ወደ እስያው ዳር ቢሻገር ደግሞ ወደ ካዲኮይ ገበያ ይደርሳል፣ ይህም የጥንቷ ኬልቄዶን ናት፤ በ451 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጉባኤ የተወሰነውን አባቶቻችን አልተቀበሉትም፣ የገበያው ወይራና በጨው የተቀመጠው ጐመን ግን በዚያ ክርክር እጅ የለባቸውም።

ስለ ጣፋጩና ስለ መጠጡ ጥቂት ይበቃል። ባቅላቫ በቅቤ ነው፣ ኩነፌ በአይብ ነው፤ «ሎኩም» ከስኳርና ከስታርች፣ የሰሊጥ «ሀልቫ»ም ከሰሊጥና ከስኳር ነው። ኖኅ ከመርከብ ሲወጣ የቀረውን እህል ሁሉ ደባልቆ አበሰለው የሚባለው «አሹሬ» ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ደረቅ ፍሬ ያለበት ጣፋጭ ንፍሮ መሳይ ነው፤ ወተት እንዳልገባበት ብቻ ይጠየቅ። ሻይ ያለ ወተት ይጠጣል። ከምግቡ ጋራ ሳይታዘዝ ሊመጣ የሚችለው ነጭ መጠጥ «አይራን» የእርጎ ነውና ይመለስ።

በመመለሻው ዋዜማ ወደ ኤሚኖኑ ወርዶ ከግብፅ ገበያና ከአካባቢው ሱቆች የማላትያ ደረቅ አፕሪኮት፣ በለስ፣ የተቈላ ሽምብራና ሀልቫ መግዛት፣ ለመንገዱም አንድ ሁለት ሲሚት መያዝ ይገባል። የሰሊጥ ልውስና የወይን ድልህ በአውሮፕላን ፍተሻ እንደ ፈሳሽ ስለሚቈጠሩ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ይግቡ። በታሸገው ሳጥን ላይም «ሱት» የሚለው ወተትን፣ «ቴሬያ» የሚለው ቅቤን፣ «ዩሙርታ» የሚለው እንቁላልን እንደሚያመለክት ከወረቀቷ ፊደል ጋራ እያስተያየ ይመልከት፤ ወራቱ ዐቢይ ጾም እንደ ሆነ ስጦታውን የሚጠብቁት የቤት ሰዎችም ጾመኞች ናቸውና፣ ለራሱ እንደ ተጠነቀቀ ለእነርሱም አንብቦ ይግዛ።