የቀደምት ፊልሞችን በከፍተኛ ጥራት በቤት ውስጥ መቀበልና መቅዳት

ሪጀንት ፓርክ በቶሮንቶ መሃል የሚገኝ፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከብዙ አገሮች የመጡ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በዚያ የሚኖር ቤተሰብ ቀደምት ፊልሞችን በከፍተኛ ጥራት ለመቀበል ሁለት ዋና መንገዶች አሉት፤ እነሱም የምድር ሥርጭትና ሳተላይት ናቸው።

የምድር ሥርጭት

በቶሮንቶ የአናሎግ ሥርጭት እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2011 በዲጂታል ተተክቷል። የከተማዋ ዋና ማሠራጫ የሆነው፣ 553 ሜትር ከፍታ ያለው ሲኤን ታወር ከሪጀንት ፓርክ በስተደቡብ ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ አነስተኛ አንቴና ይበቃል። ማጉያ መጨመር ግን መቀበያውን በኃይለኛ ሞገድ ሊያጨናንቀው ይችላል። የዲጂታል ምስል እንደ አናሎግ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ተቆራርጦ ይጠፋል። ከፎቆች ነጥሮ የሚመጣ ሞገድ ምስሉን ሲያውክ አንቴናውን ጥቂት ማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል።

ሳተላይት

እንደ ተርነር ክላሲክ ሙቪስ ያሉ ለቀደምት ፊልሞች የተለዩ ቻናሎች የሚገኙት በክፍያ ነው። ኒሚክ የተሰኙት የካናዳ ሳተላይቶች ከቆሙባቸው ቦታዎች አንዱ 82 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ከቶሮንቶ ሲታይ ይህ ነጥብ ወደ ደቡብ፣ ከአድማስ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ወደ ሰሜን ብቻ የሚመለከት ቤት ስለዚህ ሊቀበለው አይችልም። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚሠራጩበት ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሚገኝ ለቶሮንቶ ከአድማስ በታች ነው። የሳሕኑ ትልቅነት ይህን አይለውጠውም።

የጥራቱ ጥቅም

ባለ 1920 በ1080 ምስል ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ሲኖሩት፣ የቀድሞው ባለ 720 በ480 ምስል 345,600 ብቻ አሉት። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ነው። የድሮ ፊልም በስፋት አራት፣ በቁመት ሦስት በሆነ መጠን የተቀረጸ ከሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየቱ ጉድለት አይደለም፤ ምስሉን መለጠጥ የተዋናዮቹን ፊት ያዛባል።

መቅዳት

የሰሜን አሜሪካ የምድር ዲጂታል ቻናል በሴኮንድ እስከ 19.39 ሜጋቢት ያስተላልፋል። የሁለት ሰዓት ሥርጭት በዚህ ሙሉ መጠን ቢቀዳ 17.5 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ 500 ጊጋባይት ማከማቻም 28 ያህል ፊልሞችን ይይዛል። በምድር ሥርጭት የሚመጣውን፣ ማከማቻ የሚሰካበት መቀበያ በቀጥታ ይቀዳዋል። የክፍያ ቻናል ግን የተቆለፈ ስለሆነ የሚቀዳው በአቅራቢው ዲኮደር ነው፤ ቅጂውም አብዛኛውን ጊዜ በሌላ መሣሪያ አይከፈትም።

የካናዳ የቅጂ መብት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ የተገኘን ፕሮግራም በሚመች ጊዜ ለማየት፣ ለግል ጥቅም መቅዳትን ይፈቅዳል። ቁልፍን መስበር፣ ከአንድ በላይ መቅዳት፣ ቅጂውን ለሌላ መስጠትና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ማቆየት ግን ከፈቃዱ ውጭ ናቸው።

የቤት ቅጂ እንግዲህ ማቆያ እንጂ ቤተ መዛግብት አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቦሎኛ ታድሶ ለአዲስ ትውልድ የደረሰው ዋናው ፊልም በእጅ ስለነበረ ነው።