በመስኖ ፓምፕ ማስነሻ ሣጥንና በኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ እርጥበት እንዳይጠራቀም ስለመከላከል

በኤሌክትሪክ በሚሠራ ፓምፕ መስኖ የሚያጠጡ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሞተሩን ማስነሻ ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ በወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ያቆሙታል። ሣጥኑ ተከፍቶ ውስጡ ረጥቦ ሲገኝ «ዝናብ ገብቶበት ነው» ይባልና ዙሪያው በሲሊኮን ይደፈናል። ይሁን እንጂ በበጋም፣ አንድ ጠብታ ሳይዘንብ፣ ውኃው ተመልሶ ይገኛል።

ምክንያቱ የሣጥኑ መተንፈስ ነው። ቀን ፀሐይ ላሜራውን ስታግለው በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በየክፍተቱ ይወጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሣጥኑ የውጭውን አየር ይስባል፤ በመስኖ ማሳ አጠገብ ያለው አየር እርጥብ ስለሆነ በቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ጤዛ ይሆናል። በየሌሊቱ የሚገባው ጥቂት ቢሆንም መውጫ ካጣ ይጠራቀማል። የሽቦ ማሰሪያዎቹ ይዝጋሉ፤ ኤሌክትሪኩም በእርጥበቱ በኩል ወደ ሣጥኑ አካል ሊያልፍ ይችላል። የመሬት ሽቦው ተበጥሶ ከሆነ የበሩን እጀታ የሚይዝ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለሆነም ሣጥኑን ከመድፈን ይልቅ ውኃው የሚወጣበትን መንገድ ማበጀት ይሻላል። ለዚሁ የተሠራ ማንጠፍጠፊያ ክዳን ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በወለሉ ዝቅተኛ ቦታ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ በትራፓኖ ይብሳና ጉንዳንና ተርብ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፍነው። ከላይ የቆርቆሮ ጥላ ይሠራለት፤ ጥላው ግን ከሣጥኑ ጋር አይጣበቅ።

ገመድ በሣጥኑ አናት በኩል ፈጽሞ አይግባ። ከሥር ይግባ፤ ከመግባቱም በፊት ወደ ታች ተለጥጦ ቢታጠፍ ውኃው ከመታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። ከመሬት ውስጥ የሚመጣው የገመድ ቱቦ አፍም መደፈን አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

ጫፉ ተከፍቶ የተቀመጠ ገመድ በመዳብ ክሮቹ መካከል፣ ኩራዝ ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ፣ ውኃ ይስባል። ናስትሮ ብቻ መጠቅለል ውኃ አያግድም። የረጠበው ጫፍ መዳቡ ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ተቆርጦ ይጣል፤ ቀሪው ውኃ በማያስገባ ክዳን ይታሸግ።

ክረምት አልፎ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት የገመዱና የሞተሩ ሽፋን በ500 ቮልት መለኪያ ይፈተሽ፤ ንባቡ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ሞተሩ ደርቆ እንደገና እስኪለካ ድረስ አይነሣ። ሣጥኑን የሚከፍተው ሙያው ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ኃይሉን ከዋናው ማብሪያ አቋርጦ፣ ማብሪያውን ቆልፎ፣ በቴስተር ካረጋገጠ በኋላ ይክፈት። ሥራው እስኪያልቅ የቁልፉ መክፈቻ በራሱ ኪስ ይቆይ።