ስለ ኅብረ ቃልና ስለ ቃል ማሳጠር፤ ከቅኔ ቤት እስከ መንፉሓ

ቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ቃልን በአንድ ዐይን ማየት አይሆንለትም፤ ሰሙን ሲሰማ ወርቁን ይፈልጋል፥ ወርቁን ሲያገኝ ደግሞ ሰሙ እንዴት እንደ ገጠመ ይመረምራል። ከዚህም የተነሣ «የቃል ጨዋታ የእኛ ብቻ ሀብት ነው፤ ፈረንጅ ያሰበውን ይናገራል እንጂ አይሰውርም፥ ዐረብም እንዲሁ ነው» የሚል ንግግር በተማሪ ቤት ይሰማል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በየአገሩ ሰው ቃልን እንደ ሊጥ አቡክቶ፥ አንዱን ቆርጦ፥ ሁለቱን አጣብቆ ሲጫወትበት ኖሯል። ልዩነቱ ጨዋታው የተቀመጠበት ስፍራ ነው። ይህን የማያውቅ አንባቢ የባዕድ መጽሐፍ ሲገልጥ ንባቡን ይወጣዋል፥ ምስጢሩ ግን ያመልጠዋል።

በመጀመሪያ ስለ ማሳጠር እንናገር። እንግሊዝኛ የሚማር ወንድም የቆየ የግጥም መጽሐፍ ቢያገኝ ከመምህሩ ያልሰማቸው ድንክዬ ቃላት ያሰናክሉታል። «ኔቨር» የነበረው «ኔር»፥ «ኦቨር» የነበረው «ኦር»፥ «ኢት ኢዝ» የነበረው «ቲዝ» ሆኖ ያገኘዋል፤ በተቆረጠውም ፊደል ፋንታ ከመስመሩ በላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ጭረት ትታየዋለች። ያልተማረ ሰው የአታሚ ስሕተት ይላታል። ምክንያቷ ግን ምጣኔ ነው። የእንግሊዝ ቀደምት ገጣሚዎች አብዝተው የሠሩበት ቤት በአንድ ስንኝ ዐሥር ቀለም የሚይዝ፥ አንዱ ሲወድቅ አንዱ ሲነሣ ዐምስት ጊዜ የሚነሣ ነው። በንባብ ቤት ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍ፥ ተጣይ እያለ ጆሮውን ያሠለጠነ ተማሪ ይህን ለመስማት ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው፤ ሥርዐቱ አንድ ባይሆንም የሚጠይቀው ጆሮ አንድ ነውና። እንግዲህ ሰማይን «ሄቨን» ሲሉት ሁለት ቀለም ይወስዳል፤ ስንኙ የቀረው አንድ ብቻ ሲሆን ገጣሚው «ሄቭን» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። በጥንት የመዝሙር መጻሕፍታቸውም እንዲሁ ተቈርጦ ታትሟል፤ አለዚያ ዜማው ከቃሉ ጋራ አይገጥምምና።

ይህን ሰምቶ «ቃልን ቈራረጡት» ብሎ የሚስቅ ቢኖር የገዛ አፉን ያድምጥ። «ከአገሬ» ብሎ የሚናገር ማን አለ? «ካገሬ» እንላለን እንጂ። «የአባት» ያልነው «ያባት» ይሆናል። ደጅ አዝማች ደጃዝማች፥ ግራ አዝማች ግራዝማች፥ ፊት አውራሪ ፊታውራሪ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው፤ ዛሬ ማዕርጉን ሲሰማ ደጁንና ግራውን የሚያስብ ጥቂት ሰው ነው። እግዚአብሔር የሚለው ታላቅ ስም እንኳ በሰላምታ ብዛት እግዜር ሆኗል። የሚያስደንቀው እንግሊዞችም በዚህ ረገድ ከእኛ አለመለየታቸው ነው። ሲለያዩ «ጉድባይ» የሚሉት «እግዚአብሔር ከአንተ ጋራ ይሁን» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ አፍ እየፈጨው አንድ ቃል ሆነ። «ሃሎዊን» የሚሉትም የበዓላቸው ስም «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ከሚለው ተቈርጦ የቀረ ነው፤ በመጨረሻው ያለችው «ኢን» ግጥም ውስጥ ያየናት የ«ኢቭን» ማሳጠሪያ ናት፥ ማታ ወይም ዋዜማ ማለት ነው። ዛሬ በመንገድ ጭንብል አድርገው የሚሮጡ ልጆች ዋዜማ እየጠሩ እንደ ሆነ አያውቁትም። ዐረቦችም «ያላ» ሲሉ «እንሂድ፥ ቶሎ በል» ማለታቸው ነው፤ ሲፈታ ግን «አምላክ ሆይ» የሚል ጥሪ ነው። ሦስቱም ቋንቋ ያሳጠሩት ከሁሉ አብዝተው የሚጠሩትን ነው።

ሁለት ቃል አጣብቆ አንድ ማድረግም ሌላው ጨዋታ ነው። ሉዊስ ካሮል የተባለው እንግሊዛዊ በ1871 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የተረት መጽሐፍ ይህን ዐይነት ቃል ሁለት ክፍል ባለው የመንገድ ሻንጣ መሰለው። መሳቅ የሚለውን «ቸክል» እና በአፍንጫ ማንኰራፋት የሚለውን «ስኖርት» አጋብቶ «ቾርትል» የሚል ቃል ወለደ፤ በቀልድ የተወለደው ቃልም በመዝገበ ቃላት ገባ። ዐረቦች ይህን ሥራ ከእርሱ አስቀድመው በሕግ ያውቁታል፤ ስሙንም «ነሕት» ይሉታል፥ መጥረብ ማለት ነው። «ቢስሚላህ» የሚለውን ሐረግ ጠርበው ማለቱን «ባስመላ» ብለዋል። ከዚህም ሌላ ሲጠሩ የስምን መጨረሻ የሚጥሉበት ሥርዐት አላቸው፤ «ተርኺም» ይባላል፥ ማለዘብ ማለት ነው፤ በዚህም ሐሪስ የተባለው ሰው በግጥም ሲጠራ «ያ ሐሪ» ይባላል። ለግጥም ግዴታ ሲባል የተፈቀደውን ሁሉ ሰዋስዋቸው ቈጥሮ ጽፎታል። በእኛ ዘንድ ግን የዐማርኛ ግጥም ማሳጠር በጆሮ ይታወቃል እንጂ እምብዛም በመጽሐፍ ተቈጥሮ አልተጻፈም፤ ይህ ለሚመጣው ተማሪ የቀረ ሥራ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ኅብሩ እንግባ። የእንግሊዝኛ ኅብር የሚቀመጠው በጆሮ ነው። ፀሓይና ልጅ በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ሳን» ይባላሉ፤ ሲጻፉ ግን በአንዲት ፊደል ይለያያሉ። ጆን ደን የተባለው ባለ ቅኔ (1572–1631 እ.ኤ.አ.)፥ በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ የነበረው፥ በአንድ መዝሙሩ ፀሓይን ጠርቶ ወልድን አሳስቧል፤ ደግሞም የራሱን ስም «ደን»ን፥ «ተፈጸመ» ከሚለው ቃል ጋራ በድምፅ አንድ ስለ ሆነ፥ እየደጋገመ ሰምና ወርቅ አድርጎታል። ይህን ግጥም በዐይኑ ብቻ ያነበበ ሰው ሰሙን ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ግን ጨዋታውን አልወደዱትም። ታላቁን መዝገበ ቃላት በ1755 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን፥ በ1765 በጻፈው መቅድም ሼክስፒርን «ኅብር ሲያይ መንገዱን ይስታል» በሚመስል ትችት ነቅፎታል። ጆንሰን ሊቅ ነበረ፤ ነገር ግን ዋሸራ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ከዘጉባኤ ቃና የሚያልፍ አይመስለኝም።

የዐማርኛችን ነገር ከዚህ ይገለበጣል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «አለ» ቢላላ ተናገረ፥ ቢጠብቅ ኖረ ማለት ነው፤ «ዋና» ቢላላ በውሃ መንሳፈፍ፥ ቢጠብቅ ራስ ወይም አለቃ ነው። ዐይን አንድ ያደረገውን ጆሮ ይለየዋል። ስለዚህ እኛ በወረቀት ላይ ያማረ ኅብር በጉባኤ ሲነበብ ሊፈርስ ይችላል፤ እንግሊዞች ግን ሲነበብ ያማረው በወረቀት ላይ ይፈርስባቸዋል። ዐረቦች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አላቸው፤ ፊደላቸው በነጥብ ስለሚለያይ፥ ነጥቡን ቢያነሡት አንድ መልክ የሚሆኑ ቃላትን እያጣመሩ ይጫወታሉ። የኅብርን ሥራ «ተውሪያ» ይሉታል፥ መሰወር ማለት ነው፤ ቃሉ ቅርብና ሩቅ ፍች ይኖረዋል፥ ሰሚው ቅርቡን ሲይዝ ተናጋሪው ሩቁን ያስባል። ይህ የእኛው ሰምና ወርቅ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ እኛ የጻፈውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሲሰይመው ጠባዩን አገኘ፤ ነገር ግን ጠባዩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ያስፈልጋል።

ለዚህ ምስክር የምትሆን አንዲት ሰፈር አለች። ሪያድ በሚባለው የሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በስተ ደቡብ መንፉሓ የምትባል ጥንታዊት መንደር ነበረች፤ ዛሬ ከተማው ውጧት ከሰፈሮቹ አንዲቱ ሆናለች። በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ7ኛው መጀመሪያ የኖረው ማይሙን ኢብን ቀይስ የተባለው ባለ ቅኔ የመንፉሓ ሰው ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን «አል አዕሻ» በሚል ቅጽል ነው፤ ዐይኑ የደከመ፥ ሲመሽ የማያይ ማለት ነው። ይህንኑ ሰው ደግሞ «አቡ በሲር» ይሉት ነበር፤ በሲር የሚያይ ማለት ነውና፥ ስሙ ራሱ የተገለበጠ ኅብር ነው። ግጥሙ ለዜማ የተመቸ ስለ ሆነ የዐረብ ጸናጽል እስከ መባል ደርሷል። ያልተለመደ ቃል መውደዱም የታወቀ ነው፤ ከፋርስ ቋንቋ የለቀማቸው ቃላት በግጥሙ ሞልተዋል፤ በታወቀውም ረጅም ግጥሙ ውስጥ አንድ ቀልጣፋ ሥጋ ጠባሽ ሲያሳይ፥ «ሽ» የሚለው ድምፅ በሁሉም ውስጥ የሚንሾካሾክ ዐምስት ቃላት በአንድ ስንኝ ደርድሯል። ሥጋው በእሳት ላይ ሲጮኽ የሚሰማ ይመስላል። ዛሬም በመንፉሓ በእርሱ ስም የሚጠራ ጐዳና አለ።

አንባቢ ሆይ፥ መንፉሓ የሚለውን ስም ከእኛ መካከል ብዙዎች የሰሙት ስለ ባለ ቅኔው አይደለም። በሰፈሩ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ኅዳር መባቻ ግን ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን የማስወጣት ዘመቻ ሲጀመር በዚያው ሰፈር ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት አለፈ። በዚያ ዓመት በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። የተመለሱትም ዕቃ ብቻ ሳይሆን ቃል ይዘው መጥተዋል። ለበዓል ወደ ገዳም ሲመጡ «ማፊ» ሲሉ፥ «ኸላስ» ሲሉ ይሰማሉ፤ ከተማሪዎችም ዐማርኛቸው ተበላሸ ብሎ የሚስቅባቸው አለ። የሚስቀው ከሚማርበት መምህር ላይ እየሳቀ ነው። በሪያድ አገር ሰላምታ «ወሽ ሎንክ» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «መልክህ ምን ነገር ነው» ማለት ነው፥ ትርጕሙ ግን «እንዴት ነህ» ነው። «ወሽ» የምትለዋም «የትኛው ነገር» ከሚል ረጅም ሐረግ ተቈርጣ የቀረች ናት። ይህን በትምህርት ቤት ሳይሆን በሰው ማድ ቤት ቆማ በጆሮዋ ብቻ የለየች እኅት፥ የንባብ ተማሪ በዓመታት የሚደክምበትን ሥራ ሠርታለች።

ከዚያው ሰፈር የሚወለድ ኅብር ደግሞ እዚህ ሊወለድ አይችልም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለች መንቶ ግጥም አሰናድተናል፤

ሙሉ ሰው ነበርኩኝ ካገሬ ሳልወጣ፤
በከፊል ነው ኑሮ ሪያድ ሰው ሲመጣ።

ከፊል በእኛ ቋንቋ እኩሌታ፥ ጐደሎ ነው፤ ሰው ከአገሩ ሲለይ ግማሽ ልቡ እዚያው ስለሚቀር ኑሮው ጐደሎ ይሆናል ማለት ነው። አንድም፥ ከፊል በዐረብኛ ዋስ ነው፤ በዚያ አገር የውጭ ሠራተኛ በአሠሪው ዋስትና ተመዝግቦ ይኖር ስለ ነበር አሠሪውን «ከፊል» ይሉታል፤ እንግዲህ ሪያድ የመጣ ሰው የሚኖረው በራሱ ሳይሆን በዋሱ ነው ማለት ይሆናል። ሰሙ ዐማርኛ፥ ወርቁ ዐረብኛ ነው። ሐዘኑ በሁለቱም በኩል ይገባል፤ የመጀመሪያው ስለ ናፍቆት፥ ሁለተኛው ስለ ነፃነት ነው። ምጣኔውም ይታይ፤ ስንኙ ዐሥራ ሁለት ቀለም ሆኖ በስድስት በስድስት ይከፈላል። «ከአገሬ» ብንል ሰባት ሆኖ ቤቱ ይናጋ ነበርና «ካገሬ» አልን፤ እንግሊዙ «ኔር» ያለበት ምክንያት ይኸው ነው።

እነዚህ ሁለቱ ከፊሎች በድምፅ ብቻ የተገናኙ ላይሆኑ ይችላሉ። በዐረብኛ «ኪፍል» ድርሻ፥ ዕጥፍ ማለት ነው፤ የጥንት የዐረብ ሊቃውንትም ይህን ቃል ከሐበሻ ቋንቋ የመጣ ነው ብለው ቈጥረውታል፤ በ1505 እ.ኤ.አ. ያረፈው አስ ሱዩጢ የመዘገበው ይህንኑ ነው። ግእዙም ከፈለ፥ ክፍል፥ ከፊል እያለ ይረባል። ኖልደኬ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅም በ1910 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ከግእዝ ወደ ዐረብኛ የተሻገሩትን ቃላት መርምሯል፤ ሐዋርያ፥ ማእድ፥ መናፍቅ የሚሉት ከእነዚያ ናቸው። እንግዲህ ከስደት የተመለሰው ወንድም «ማኢዳ» ሲል የተሰደደ ቃል ይዞ እንደ ተመለሰ እንጂ እንደ ባዘነ ሰው አይቈጠርም። ለእኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በሪያድ ተወልደው ያደጉ ልጆች ዐማርኛ ሲሰሙ ሰሙን ይረዳሉ፥ ወርቁ ግን ያልፋቸዋል። ቋንቋ ሲደክም አስቀድሞ የሚሞተው ኅብሩ ነው፤ «ውሃ አምጣ» የሚለው እስከ መጨረሻ ይቈያል።

ለልምምድ የሚሆን አንድ ቃል እንተው። በሪያድ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት «ኢቃማ» ይባላል፤ ሥሩ «ቃመ» ነው፥ በግእዝ ቆመ ከሚለው ጋራ አንድ ነው። ኢቃማ የሌለው ሰው በሁለቱም ቋንቋ መቆሚያ የለውም። ተማሪዎች በዚህ ቃል በዐማርኛ መንቶ ግጥም፥ የቻሉም በግእዝ ጉባኤ ቃና ይቁጠሩ። ሰሙ ቅዳሴ ላይ መቆም፥ ወርቁ ፈቃድ ማጣት ቢሆን ይስማማል፤ ሌላ የተሻለ ያገኘም የራሱን ያምጣ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ከዚያ አገር የተመለሰ ምእመን ፈልጋችሁ ቃሉን በእርሱ አፍ ስሙት፤ «ቃ» ምን ያህል እንደምትረዝም በጽሕፈት አይታይምና።