የማይታየው ጥንድ፤ ያልተሳሰሩ ኤሌክትሮኖችና የሞለኪውል ቅርጽ

ለኬሚስትሪ ሠልጣኞችና ለሳይንስ መምህራን

ጥቁር ሰሌዳ ላይ የውኃን ሞለኪውል ሣሉ ብንባል፣ ብዙዎቻችን ኦክሲጂንን መካከል አስቀምጠን ሁለቱን ሃይድሮጂኖች እንደ ቀንበር ግራና ቀኝ ቀጥ አድርገን እንዘረጋቸዋለን። ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ስሕተት ነው። ነገ ይጁቤም ሆነ ሌላ ት/ቤት ተመድበን ይህንኑ ብናስተምር፣ ተማሪው «ጨው ውኃ ውስጥ ለምን ይሟሟል?» ብሎ ሲጠይቀን መልስ እናጣለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚታረም ማስረዳት ነው።

1ኛ/ ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

ከቀመሩ ነው። የውኃ ቀመር ሁለት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክሲጂን አለ ይለናል። ቀመር ብዛትን ይነግረናል እንጂ ቅርጽን አይነግረንም። እስቲ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንመልከት። እሱም እንደ ውኃ ሦስት አቶሞች ብቻ ናቸው ያሉት። ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑም 180 ዲግሪ ሲሆን፣ ውኃ የታጠፈ፣ ማዕዘኑም 104.5 ዲግሪ ነው። የአቶሞቹ ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ ቅርጹን የለየው ታዲያ ምንድን ነው? በመካከለኛው አቶም ላይ እያሉ ትስስር ውስጥ ያልገቡት ጥንድ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ውኃ ውስጥ ያለው ኦክሲጂን እንዲህ ያሉ ሁለት ጥንዶች አሉት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ያለው ካርቦን ግን አንድም የለውም።

2ኛ/ ጥንድ ጥንድን ይገፋል

ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮን በመጋራት እንደሚተሳሰሩ አስረዳ። ሲጅዊክና ፓወል በ1940 የሞለኪውልን ቅርጽ ከጥንዶቹ ቁጥር ጋር አያያዙት። ጊለስፒና ናይሆልም ደግሞ በ1957 ሐሳቡን አስፋፍተው ዛሬ የምንማረውን ደንብ አቀረቡ።

ደንቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በመካከለኛው አቶም የውጭ እርከን ላይ ያሉ ጥንዶች፣ የተሳሰሩም ሆኑ ያልተሳሰሩ፣ ስለሚገፋፉ በተቻላቸው መጠን ይራራቃሉ። አራት ጥንዶች ከሁሉ ይበልጥ የሚራራቁት ቴትራሄድሮን ወደሚባለው ባለ አራት ፊት ቅርጽ አራት ጫፎች ሲዘረጉ ነው። ያን ጊዜ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 109.5 ዲግሪ ይሆናል።

ግፊያው ግን እኩል አይደለም። የተሳሰረውን ጥንድ ሁለት ኒውክለሶች ከሁለት ወገን ስለሚስቡት ጠበብ ብሎ ይዘረጋል። ያልተሳሰረውን የሚስበው አንድ ኒውክለስ ብቻ ስለሆነ በአቶሙ ዙሪያ ሰፋ ብሎ ይንሰራፋል። በሁለት ችካል መካከል ግራና ቀኝ የታሰረ በሬና በአንድ ችካል የታሰረ በሬ እኩል መስክ አይግጡም፤ ባለ አንድ ችካሉ ዙሪያውን ይጠርገዋል፣ አይደል? ያልተሳሰረውም ጥንድ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ጎረቤቶቹን ገፍቶ እርስ በርሳቸው ያጠጋጋቸዋል።

3ኛ/ አቆጣጠሩ

ሀ/ የመካከለኛውን አቶም የውጭ ኤሌክትሮኖች ቁጠሩ።
ለ/ በነጠላ ትስስር ለተያያዘው ለእያንዳንዱ አቶም አንድ አንድ ጨምሩ።
ሐ/ ድምሩን ለሁለት አካፍሉ፤ የጥንዶቹን ቁጥር ታገኛላችሁ።
መ/ ከዚያ ላይ ትስስሮቹን ቀንሱ፤ የቀረው ያልተሳሰረ ጥንድ ነው።

ሜቴን፦ 4 + 4 = 8፤ አራት ጥንድ፣ አራት ትስስር፤ ያልተሳሰረ የለም። ማዕዘኑ 109.5 ዲግሪ ነው።

አሞኒያ፦ 5 + 3 = 8፤ አራት ጥንድ፣ ሦስት ትስስር፣ አንድ ያልተሳሰረ። ማዕዘኑ 107 ዲግሪ ገደማ ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይመስላል፤ ናይትሮጂን መቀመጫው፣ ሃይድሮጂኖቹ እግሮቹ ናቸው፤ ያልተሳሰረው ጥንድ ከላይ ነው።

ውኃ፦ 6 + 2 = 8፤ አራት ጥንድ፣ ሁለት ትስስር፣ ሁለት ያልተሳሰሩ። ማዕዘኑ 104.5 ዲግሪ ሲሆን እንደ ባላ እንጨት የታጠፈ ነው።

ልብ በሉ፤ ሦስቱም አራት አራት ጥንድ አላቸው። ያልተሳሰረው ሲጨምር ማዕዘኑ እየጠበበ ሄደ። የቅርጹ ስም የሚወጣው ከአቶሞቹ አቀማመጥ ብቻ ስለሆነ ያልተሳሰረው ጥንድ በስሙ ውስጥ አይጠራም፤ ሥራው ግን በግልጽ ይታያል።

4ኛ/ ጥቅሙ ምንድን ነው?

ኦክሲጂን ኤሌክትሮኖችን ከሃይድሮጂን ይበልጥ ወደ ራሱ ይስባል። ውኃ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ የግራውና የቀኙ ስበት ይጣፋ ነበር። የታጠፈ ስለሆነ ግን አንዱ ወገን በከፊል አሉታዊ፣ ሌላው በከፊል አዎንታዊ ሙል አለው። ጨው የሚሟሟው በዚህ የተነሣ ነው፤ የውኃ ሞለኪውሎችም እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲ.ሴ.፣ በደብረ ማርቆስ ከፍታ 92 ዲ.ሴ. ገደማ ላይ ይፈላል። ሜቴን ግን የሞለኪውሉ ክብደት ከውኃ ብዙ ሳይርቅ (16 እና 18) ከዜሮ በታች በ161 ዲ.ሴ. ይፈላል።

ወደ እርሻው እንምጣ። ገበሬው የሚዘራው ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ አሞኒያ ይወጣዋል። አሞኒያ ያልተሳሰረ ጥንዱን ለሃይድሮጂን አዮን ሲያጋራ አሞኒየም ይሆናል፤ በርጩማው አራተኛ ክንድ ያገኛል፣ ማዕዘኑም ወደ 109.5 ዲግሪ ይመለሳል። አሞኒየም አዎንታዊ ሙል ስላለው የሸክላነት ጠባይ ያለው አፈር ይዞ ያስቀረዋል። ዩሪያው ሳይሸፈን ከአፈሩ ላይ ከቀረ ግን ከፊሉ በአሞኒያነቱ በንኖ ይጠፋል። ጠዋት ከብቶች ያደሩበት በረት ስንገባ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን ይኸው ጋዝ ነው። «ዩሪያውን አፈር አልብሱት» የሚለው የግብርና ባለሙያ ምክር እንግዲህ ኬሚስትሪ አለበት፤ ምክሩን ቸል ማለት ገበሬው ብሩን ያፈሰሰበትን ማዳበሪያ ለነፋስ መስጠት ነው።

5ኛ/ ክፍል ውስጥ እንዴት እናሳየው?

የላቦራቶሪ ሞዴል የለም ብለን ትምህርቱን መዝለል የለብንም። አንድ ድንች፣ አራት ስንጥር፣ አድሮ የራሰ ሽምብራና ጥቂት ጥጥ ይበቃናል። ስንጥሮቹን ድንቹ ላይ እኩል አራርቀን እንሰካለን። ለሜቴን በአራቱም ጫፍ ሽምብራ እናደርጋለን። ለአሞኒያ አንዱን ሽምብራ አውጥተን በምትኩ ስንጥሩን ወፈር ያለ ጥጥ እንጠቀልልበታለን፤ ሦስቱን ደግሞ ከጥጡ ጥቂት እናርቃቸዋለን። ለውኃ ሁለቱ ስንጥሮች ጥጥ ይለብሳሉ።

ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሽምብራውን ስናወጣ ስንጥሩንም አብረን እንነቅለዋለን። ያን ጊዜ ጎበዝ ተማሪ «ሦስቱ ለምን ጠፍጣፋ ሆነው አልተዘረጉም?» ይላል። መልሱን የያዘውን ነቅለን ጥለነዋል!

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ደንቡ ማዕዘኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ያሳያል እንጂ ትክክለኛውን ዲግሪ አይሰጥም፤ ዲግሪው የሚታወቀው በመለካት ነው። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ እንደ ውኃ ሁለት ያልተሳሰሩ ጥንዶች ሲኖሩት ማዕዘኑ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ተማሪውን ቁጥር ከማስሸምደድ ይልቅ መቁጠርንና ምክንያት መስጠትን እናስለምደው።

መልመጃ

1/ ቦሮን ትራይፍሎራይድ ጠፍጣፋ ሲሆን ናይትሮጂን ትራይፍሎራይድ እንደ በርጩማ የሆነው ለምንድን ነው? (ቦሮን 3፣ ናይትሮጂን 5 የውጭ ኤሌክትሮኖች አሏቸው።)

2/ ውኃ አንድ ሃይድሮጂን አዮን ሲቀበል ቅርጹ ምን ይሆናል? (አዎንታዊ ሙል ስላለው ከድምሩ አንድ ኤሌክትሮን ቀንሱ።)

መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት በድንችና በስንጥር ሠርታችሁ እዩት።