ጭድና ሲሚንቶ

በአገራችን በደሃና ሰው ቤቱን ሲመርግ ጭቃውን ብቻውን አይመርገውም። ጭድ ጨምሮ በእግሩ እየረገጠ ያቦካዋል፤ ጥቂት ቀንም ያከርመዋል። እናቴ ያለ ጭድ የተመረገ ግድግዳ ክረምቱን አይዘልቅም ትላለች። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ስለሚወጣ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። ጭዱ ግን በስንጥቁ ላይ ተጋድሞ ሁለቱን ወገን እንደ ስፌት ክር ይይዛቸዋል። ዘዴው ጥንታዊ ነው። ፈርዖን እስራኤላውያንን የጡብ ጭድ እንደ ከለከላቸው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 ተጽፎ እናገኛለን።

የሲሚንቶም ጠባይ ከዚህ የራቀ አይደለም። ኮንክሪት ሲጫኑት ጽኑ ነው፤ ሲስቡት ግን ደካማ ስለ ሆነ ብረት ይገባበታል። አርማታ የምንለው ስም ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ፍችው «የታጠቀ» ማለት ነው።

አሁን ደግሞ አረፋ ኮንክሪት የሚባል አለ። ሲሚንቶው በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ አረፋ ይጨመርበታል፤ ሲደርቅም በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ይቀራል። ተራው ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ይህኛው እንደ አሠራሩ ከ400 እስከ 1,600 ኪሎ ይመዝናል። ዕቃ በአህያ ለሚጫንበት ተራራማ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፤ በቀላሉም ይሰበራል። እንግዲህ የጭቃው መድኃኒት ለዚህስ አይሆንምን? ብዬ አሰብሁ።

በፈሳሽ ሳሙና አረፋ መትቼ ሦስት ትናንሽ ጡቦች ሠራሁ። አንደኛው ጭድ የለውም፤ ሁለተኛው ከአውድማ እንደ መጣ የጤፍ ጭድ፣ ሦስተኛው ተቀቅሎ የታጠበ ጭድ አለው። ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን እንኳ በጥፍር ይፋቅ ነበር። ከጭዱ የሚወጣው ስኳር ሲሚንቶው ቶሎ እንዳይጠነክር እንደሚያደርገው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነበር። በመዶሻ ስመታቸው አንደኛው ለሁለት ተከፈለ፤ ሦስተኛው ተሰነጠቀ እንጂ አልተለያየም።

እጅግ ደስ ብሎኝ ለመምህራችን ባሳያቸው፣ «ከአምስት ዓመት በኋላስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እውነታቸውን ነው። በሲሚንቶ ውስጥ ያለው ኖራ የተክልን ጭረት ቀስ በቀስ ይበላዋል። በዓለም ላይ ያሉ ተመራማሪዎች ከሲሚንቶው ከፊሉን ተቀንሶ በእሳተ ገሞራ አመድና ይህን በመሰለ ነገር ሲተካ ጕዳቱ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ከዚህ ይልቅ የከበደኝ ግን የአያቴ ቃል ነው። ጡቡን አገላብጠው አይተው፣ «ልጄ፣ የበሬን ቀለብ በድንጋይ ውስጥ ትቀብራለህን?» አሉኝ። አያቴ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከብት ሲፈጅ ያዩ ናቸው። በእኛ አገር ጭድ ውዳቂ አይደለም፤ በበጋ የከብት ሕይወት ነው። ለምርጊት የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ለጡብ ግን ብዙ ይፈልጋል።

ስለዚህ ጭዱን ተውሁት። ገመድ ሲገመድ የሚጣለውን፣ ከብት የማይበላውን የቃጫ ቍርጥራጭ ለምኜ ቀቅዬ አጠብሁት። አራት አዲስ ጡቦች በቤታችን ጓሮ ተደርድረዋል። ሁለቱን ከክረምቱ በፊት፣ ሁለቱን ዝናብ ከመታቸው በኋላ እሰብራቸዋለሁ።