ስለ ተማሪ ስንቅና ስለ ጥርስ ጤና

ፊደል የሚያስተምር ሁሉ እንደሚያውቀው ሰ፣ ዘ፣ ጸ የሚባሉት ፊደላት ጥርስ ካልረዳቸው ጠርተው አይነገሩም። ደግሞም ጥርሱን የሚያመው ልጅ በክፍል ተቀምጦ ሳለ ልቡ ከትምህርቱ አይገኝም። ስለዚህ የልጆችን ጥርስ መጠበቅ የእናትና የሐኪም ሥራ ብቻ ሳይሆን የመምህርና የአገር ሽማግሌም ሥራ ነው። ይህንም የአርዲቦን አካባቢ ምሳሌ አድርገን እንጽፋለን፤ ለሌላውም ቀበሌ ይጠቅማል።

አርዲቦ በደቡብ ወሎ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ያለ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ ጤፍና ማሽላ፣ ባቄላና ሽምብራ ያመርታል፤ ከሐይቁም ዓሣ ይወጣል። ለስንቅ የሚሆነው እህል እንዲህ ከደጅ ሳለ፣ እናት ሥራ በዝቶባት ስንቅ ሳትቋጥር የቀረች እንደ ሆነ ለልጇ ጥቂት ብር ትሰጠዋለች፤ ልጁም በመንገድ ካለው ሱቅ ከረሜላና ብስኩት ይገዛበታል። ይህን ማድረጓ ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ጉዳቱ ግን ለጊዜው አይታይም።

አባቶች የተቦረቦረ ጥርስ ባዩ ጊዜ «ትል በላው» ይላሉ። ጥርስ እየተበላ መሄዱን ማስተዋላቸው እውነት ነው፤ የሚበላው ግን ትል አይደለም። በአፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ረቂቃን ተሕዋስያን አሉ። እነዚህ በጥርስ ላይ የቀረውን ስኳር በተመገቡ ጊዜ አሲድ የሚባል ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ፤ እርሱም የጥርስን ጠንካራ ልባስ ያሟሟል። ምራቅ ኮምጣጣውን አጥቦ ጥርስን መልሶ ያጸናል፤ ለዚህም ሥራ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልገዋል። እንግዲህ አንዱን ከረሜላ አሁን፣ ሁለተኛውን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚበላ ልጅ ለምራቁ ፋታ አይሰጠውም።

ይህም ነገር በምርመራ የታወቀ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1945 እስከ 1953 በስዊድን አገር ቪፔሆልም በሚባል ሆስፒታል፣ የአእምሮ ደካሞች ለሆኑ ሕሙማን ልዩ ልዩ ጣፋጭ በልዩ ልዩ ጊዜ እየተሰጠ ጥርሳቸው ተመረመረ። ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ጥርሳቸው እንዲበላሽ መደረጉ ታላቅ በደል ነው፤ እስከ ዛሬም ይነቀፋል። የተገኘው ትምህርት ግን ይህ ነው፤ ከምግብ ጋር የተበላ ስኳር የሚጎዳው ጥቂት ሲሆን፣ በምግብና በምግብ መካከል የተበላ፣ ይልቁንም በጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ፣ ብዙ ጥርስ አበላሸ። ስለዚህ የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚበላበት ጊዜና መጣበቁም ይታሰብ።

ለተማሪ ልጅ ነገሩ የሚከብድበት ሌላ ምክንያት አለ። ልጅ 20 የወተት ጥርሶች አሉት። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ከእነዚህ በስተ ኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አራት መንጋጋዎች ይበቅሉለታል። ወላጆችም «የወተት ጥርስ ነው፤ ወልቆ ሌላ ይተካል» ብለው ቸል ይላሉ። ይህ መንጋጋ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ምትክ የለውም። የሚበቅልበትም ወራት ልጁ ፊደል ለመቁጠር የሚሄድበትና ለሱቅ የሚሆን ብር በእጁ መያዝ የሚጀምርበት ነው።

እንግዲህ ስንቅ እንዲህ ይሁን፤

1. እንጀራ ወይም ዳቦ ከወፍራም ሽሮ ወይም ከምስር ወጥ ጋር፤ ሲገኝም የተቀቀለ እንቁላል። ዓሣ የሚቋጠር እንደ ሆነ እሾሁ ተለቅሞ በዚያው ጠዋት የበሰለ ይሁን።
2. ለመክሰስ ቆሎ፤ ጥርሱን ለሚያመው ግን ንፍሮ ይሻላል።
3. በሶ በጨውና በዘይት ይታሽ። ማር ብዙ ጥቅም ቢኖረውም ለጥርስ እንደ ስኳር ነው።
4. የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ይሁን፤ የሐይቅ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ። በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። እህልም በጥርስ መካከል ይቀራልና ልጁ ከበላ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ።
5. ጣፋጭ የሚሰጠው እንደ ሆነ ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ይብላው እንጂ በመንገድ አይያዝ።

ማታም ከመተኛቱ በፊት ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና ጥርሱን ይቦርሽ፤ ብሩሽ ያልተገኘ እንደ ሆነ በወይራ መፋቂያ ይፋቅ።

መምህር ሆይ፣ የአንዱን ልጅ ስንቅ በሌላው ፊት አትንቀፍ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ይመገባሉ፤ በገጠር ግን ብዙው ልጅ የሚበላው ከቤቱ የያዘውን ነው፤ ምንም ሳይዝ የሚመጣም አለ። ስለዚህ ምክሩን ለወላጆች በስብሰባ፣ በሽማግሌዎች አፍ ንገር፤ ስንቅ ለሌለውም ልጅ መላ እንዲፈለግለት አብረህ አሳስብ።

በክፍል የሚታይ ትምህርት፤ የእንቁላል ቅርፊት በኮምጣጤ ውስጥ ነክረህ አንድ ወይም ሁለት ቀን አቆየው። ጠንካራው ቅርፊት አረፋ እያወጣ ሲሟሟ ልጆቹ ይዩ፤ ከዚያም እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፤ ጥርስን የሚያሟሟው ምንድር ነው? አንዱን ከረሜላ ከምሳ ጋር ከበላውና አምስቱን ቀኑን ሙሉ እየከፋፈለ ከበላው ልጅ ጥርሱ ይበልጥ የሚጎዳው የማን ነው? ምትክ የሌለው መንጋጋ በስንት ዓመት ይበቅላል?