ኮንትራት፥ ቋሚ ሥራና ታማኝነት

ከትምህርት ገበታ ተነሥተን ወደ ሥራ የምንገባበት ቀን እየተቃረበ በሄደ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉና በየምግብ አዳራሹ የምንከራከርበት ጉዳይ አንድ ሁኗል፤ ይኸውም «ቋሚ ሥራ ይሻላል ወይስ ኮንትራት?» የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን በደመወዝ ብቻ እንመዝነዋለን። እኛ ግን ከደመወዙ ጋር አብሮ የሚነሣውን የታማኝነትን ጉዳይ ልንመረምር እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ የሕግ ተማሪዎች ባንሆንም፥ ሕጉ የሚለውን እንመልከት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መዋዋል የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ ለምሳሌ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሠራተኛ ለመተካት፥ ድንገት የበዛን ሥራ ለማቃለል፥ ወይም እንደ ቡና ለቀማ ያለውን የወቅት ሥራ ለማሠራት። (የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ሌላ ሕግ አላቸው።)

ሁለተኛ፥ ቋሚ መሆን ታስሮ መኖር አይደለም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መሄድ ይችላል፤ አሠሪው ግን ሊያሰናብተው ቢፈልግ ሕግ የሚቀበለው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። የዓመት ዕረፍቱም በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሁኖ በየ2 ዓመቱ አገልግሎት 1 ቀን ይጨመርበታል። የኮንትራት ሠራተኛ ውል ግን የተጻፈው ቀን ሲደርስ ያበቃል።

አሁን ወደ ታማኝነት እንምጣ። በአንድ ማተሚያ ቤት ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው ቋሚ ነው፤ ሁለተኛው በየ3 ወሩ የሚታደስ ወረቀት ይዞ 4 ዓመት ቆይቷል። የማተሚያው መኪና ያልተለመደ ድምፅ ቢያሰማ ሁለቱም ይሰማሉ። ቋሚው ለአለቃው ይነግራል፤ ኮንትራቱ ግን «አንተ ነህ ያበላሸኸው ብባል ወረቀቴ አይታደስም» ብሎ ዝም ይላል። አለቃው ዝምታውን ታዛዥነት ይለዋል፤ እኛ ግን ፍርሃት ነው እንላለን። ሥራው 4 ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ ሰውየው ብቻ ጊዜያዊ የሚባለው ስለ ምንድን ነው? «ለከርሞ ቋሚ እናደርግሃለን» የሚለውም ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የቀድሞው ሎሌ እንኳ ለጌታው ይታመን የነበረው ጌታው በክፉ ቀን አይጥለኝም ብሎ ነበር።

የሚቃወሙን ወንድሞች «ቋሚነት ስንፍናን ይወልዳል» ይሉናል። እውነት አለበት፤ ወንበሩን ተማምኖ በወሬ የሚውል ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ አይታጣም። ነገር ግን ጥፋተኛውንና ችሎታው የቀነሰውን ማሰናበት የሚቻልባቸውን ምክንያቶች አዋጁ ዘርዝሯል። ሰነፉን ለማረም ሲባል ትጉሁን በስጋት ማኖር ፍርድ አይደለም።

እንግዲህ ውል ስንፈርም «ይህ ሥራ በእርግጥ የሚያልቅ ነውን?» ብለን እንጠይቅ። የሚያልቅ ከሆነ በደስታ እንፈርም፤ እስከ መጨረሻዋም ቀን ሙያችንን ሳናጓድል እንሥራ። የማያልቅ ከሆነ ግን የእኛ ወረቀት ብቻ የሚያልቅበትን ምክንያት አሠሪው ይንገረን። ዕድሜያችንን እንድንሰጠው የሚሻ መሥሪያ ቤት ነገ የምንኖርበትን ቦታ ሊሰጠን ይገባልና።

በሐሳባችን የማትስማሙ ወንድሞችና እኅቶች መልሳችሁን በሚቀጥለው እትም ብታቀርቡልን ደስ ይለናል።